የፈረስ ጉልበት፣ የበሬ ሰኮና

«ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ኑሮ ሲከፋ እንለዋለን፤ ሹም ተሽሮ የባሰ ሲሾም እንለዋለን፤ ከአንድ ዕዳ ለመውጣት ሌላ ዕዳ የገባ ወዳጅ ሲያማክረን በሆዳችን እንለዋለን። ከመደጋገማችን የተነሣ ግን አባባሉ ስለ ጭቃ መሆኑን ረስተነዋል። ድጥ አንድ ነገር ነው፤ ማጥ ሌላ ነገር ነው። ድጥ ላይ የቆመ እግር ያዳልጠዋል እንጂ አይሰጥምም፤ ላዩ ረጥቦ ለዘበ እንጂ ከሥሩ ያለው መሬት ገና ጠንካራ ነው። ማጥ ግን ወለል የለውም፤ የገባበትን ሁሉ ወደ ውስጥ ይውጣል። በመጀመሪያው የሚጠፋው መቆንጠጫ ነው፤ በሁለተኛው የሚጠፋው መቆሚያ ነው። ይህን ልዩነት በሁለት አጫጭር ቃላት ለይቶ የሰየመው ሰው መጽሐፍ አገላብጦ ሳይሆን በባዶ እግሩ ሜዳ አቋርጦ ያወቀው መሆን አለበት።

ውድ አንባቢያን፣ ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ ስለ ትንሽ ትራክተርና ስለ ጭቃ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ግጥም እሞክራለሁ። ቀኑን በብድር ማመልከቻዎች፣ ምሽቱን በቃላት መካከል ስለማሳልፍ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ጉዳይ ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልችልም። የዛሬው ሐሳቤ ይህ ነው፦ ትንሽ ትራክተር በረግረግ ሜዳ ላይ የሚቀረቀርበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የጉልበት ማነስ አይደለም። ስለ ማሽኑ የምናስብበት ቋንቋ የፈረስ ቋንቋ ነው፤ ጭቃ የሚያሻግረው ጥበብ ደግሞ የበሬ ነው። ይህን ካላስተካከልን ገበሬው በብድር ገዝቶ የሚያስገባው ማሽን ሁሉ በየክረምቱ ማጥ ውስጥ ያድራል።

«የፈረስ ጉልበት» የሚለው መለኪያ የመጣው ከስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ከጄምስ ዋት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ የእንፋሎት ሞተሩን ለገዢዎች ሲያስተዋውቅ፣ ሞተሩ ስንት ፈረስ እንደሚተካ መንገር ነበረበት፤ በእርሱ አገር ወፍጮና ልዩ ልዩ መዘውር የሚያዞረው ፈረስ ነበርና። በእኛ አገር ፈረስ ሌላ ታሪክ አለው። የጦርና የክብር እንስሳ ነው። አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኛቸው የፈረስ ስም ነው። እርሻውን ለዘመናት የተሸከመው በሬ ግን ለንጉሥ ስም ለመሆን አልታደለም። ስለዚህ «ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት» የሚል ቃል በጆሯችን ሲገባ የምናስበው ግልቢያ ነው፤ አቧራ፣ ፉከራና ድል። ጭቃ ግን አቧራ የለውም፤ በፉከራም አይሸነፍም።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ ቆመን እንየው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር፣ የፎገራ ሜዳ አለ። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች አቋርጠውት ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በክረምት ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛበታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሩዝ ቤቱ ያደረገውም ይህንኑ ውኃ ወድዶ ነው። አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው፤ የአፈር ተመራማሪዎች ቨርቲሶል ይሉታል። በኢትዮጵያ የዚህ አፈር ስፋት ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደጋው ክፍል ይገኛል። በውስጡ ያለው ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የነበረበት መሬት፣ ክረምት ሲገባ ስንጥቁን ዘግቶ ውኃውን ከላይ ይዞ ይቀመጣል። ለም ነው፤ ግን በቀላሉ የሚገባበት አይደለም።

በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ትንሽ ትራክተር ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ድጥ ነው። ጎማው ይንሸራተታል። በደህና መሬት ላይም ቢሆን የሚጎትት ጎማ ጥቂት መንሸራተቱ አይቀርም፤ ከ8 እስከ 15 በመቶ የሚደርሰው እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። ከዚያ ሲያልፍ ነዳጁ የሚቃጠለው ጭቃ ለመፈተግ ነው። ሾፌሩ የፈረስ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ በዚህ ጊዜ ነዳጅ ይጨምራል፤ ፈረሰኛ እርካቡን እንደሚመታ ማለት ነው። የጎማው ጥርሶች ላዩን ልጠው ወደ ኋላ ይወረውራሉ፤ ድጡ ሲያልቅ ከሥሩ ያለውን መቆፈር ይጀምራሉ፤ ሽክርክሪቱም አፈሩን ከውኃው ጋር ያቦካዋል። ማሽኑ በገዛ እጁ ለራሱ ማጥ ሠራ። በመጨረሻ ሆዱ መሬት ይነካል። ያን ጊዜ ክብደቱ ከጎማው ላይ ተነሥቶ በሆዱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ጎማው እንደ ወፍጮ ቢሽከረከር ጭቃ ከመርጨት አያልፍም። ደካማ ማሽን ቢሆን ኖሮ ገና ድጡ ላይ ሳለ ይቆም ነበር። ወደ ማጡ ያደረሰው የተትረፈረፈው ጉልበቱ ነው።

በሬውስ? በዚሁ ሜዳ የፎገራ ከብት በሚል ስም የሚታወቅ፣ ረግረጉን በመልመዱ የተመሰከረለት ዝርያ አለ። በሬ ጭቃ ውስጥ አይሰጥምም ብሎ የሚያስብ ካለ በክረምት ሲያርስ አላየም። ይሰጥማል። እንዲያውም ለክብደቱ ሰኮናው ትንሽ በመሆኑ፣ ሰፊና ለስላሳ ጎማ ካለው ትንሽ ትራክተር ይልቅ መሬቱን አጥብቆ የሚጫነው እርሱ ነው። ልዩነቱ በሬ እግሩን ማንሣቱ ላይ ነው። ሰኮናው ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ሲረግጥ ይከፈታል፤ ሲያነሣው ይሰበሰባል፤ በዚያ ክፍተት አየር ስለሚገባ ጭቃው መጥጦ አያስቀረውም። የትናንቱ ጉድጓድ ለዛሬው እርምጃ ዕዳ አይሆንበትም። ጎማ ግን እግር የለውም፤ ራሱ ከቆፈረው ቦይ ያለማቋረጥ ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ቦዩ በጠለቀ ቁጥር አቀበቱ ይቆማል።

የሰው ልጅ ለዚህ ችግር ያገኛቸው መፍትሔዎች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው እግሩን ማስፋት ነው። ለስላሳ ጎማ መሬቱን የሚጫነው በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ብዙም ባልራቀ መጠን ነው፤ ስለዚህ አየሩ ሲቀነስ ጎማው ይረግጣል፣ የሚነካው መሬት ይሰፋል፣ ጫናው ይቀንሳል። ሰፊ ጎማ ማጥለቅ ወይም ድርብ ጎማ ማሰርም ያው ነው። ሁለተኛው ጣት መስጠት ነው። በእስያ የሩዝ ማሳዎች ትንንሾቹ ትራክተሮች እንደ ቅርጫት ክፍት የሆነ፣ ሰፋፊ የብረት ምላስ ያለው ጎማ ይታሰርላቸዋል፤ ምላሶቹ ተራ በተራ ጭቃውን እየረገጡ ይወጣሉ። ለሩዝና ለሸንኮራ ማሳ ተብሎ የሚሠራው ጥርሰ ረጅም የላስቲክ ጎማም የዚህ ዘመድ ነው። ሦስተኛው መንገዱን ይዞ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በካሊፎርኒያ ቤንጃሚን ሆልት የሚባል ማሽን ሠሪ፣ የእንፋሎት ትራክተሮቹ በወንዝ ዳር ረግረግ እየሰጠሙ ሲያስቸግሩት፣ ጎማውን ማስፋት አላዋጣ ቢለው፣ አውልቆ በሰንሰለት የተያያዙ ጣውላዎች አደረገለት። ዛሬ በየመንገድ ሥራው የምናየው ባለ ሰንሰለት ዶዘር የዚያ ልጅ ነው።

ለዚህ ሦስተኛው መንገድ የሚመቸኝ ምሳሌ ከጭቃ ሳይሆን ከበረዶ የመጣ ነው፤ ለስላሳ መሬት ለስላሳ መሬት ነውና። ኤድመንድ ሂላሪ፣ ያ ኤቨረስትን የወጣው ሰው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው ፈርጉሰን በሚባሉ ትንንሽ የእርሻ ትራክተሮች ነበር። ጉልበታቸው ከ30 ፈረስ የማይበልጥ፣ ለእንግሊዝ ገበሬ የተሠሩ ማሽኖች ናቸው። ለጉዞው የተደረገላቸው ዋነኛ ነገር ጎማቸው ዙሪያ ሰንሰለት ማጥለቅ ነበር። ፈረሶቹ አልተጨመሩም፤ እግሩ ተለወጠ።

እንግዲህ ከዋልታው ወደ ባንኩ መስኮት እንመለስ። ከካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ጀምሮ ሰው ማሽን በኪራይ ወስዶ ቀስ በቀስ የራሱ የሚያደርግበት መንገድ በሕግ ተከፍቷል። በብድርም የሚገዛ አለ። በእጄ የሚያልፉት ወረቀቶች ግን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ዋጋ፣ የፈረስ ጉልበት፣ ዋስትና፣ የክፍያ ጊዜ። አንድ አዛውንት ገበሬ ለልጃቸው ዋስ ሊሆኑ መጥተው ፕሮፎርማው ሲነበብ በጸጥታ አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ስንት ኩንታል ይመዝናል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የሞተሩ ዓይነትና ቀለሙ ሳይቀር ሰፍሯል፤ ክብደቱና የጎማው ስፋት የሉም። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው። በዕለቱ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ብድሩ መመለስ የሚናገረው ያ አንዱ ጥያቄ ነበር። ማሽኑ በዘር ወቅት ማጥ ውስጥ ከቀረ ማሳው ጾሙን ያድራል፤ ማሳው ካልተዘራ ምርት የለም፤ ምርት ከሌለ ክፍያ የለም። ማሽኑ ማጥ ውስጥ ቢያድርም ወለዱ ግን አያድርም።

ስለዚህ በአበዳሪውም በሻጩም ወረቀት ላይ ሦስት መስመሮች ይጨመሩ እላለሁ፦ የማሳው አፈር ምን ዓይነት ነው? ማሽኑ ከነመሣሪያው ስንት ኩንታል ይመዝናል? ጎማው ለዚያ አፈር የተሠራ ነው ወይ? ትንንሽ ትራክተሮች ለሣር ሜዳና ለግቢ ሥራ በተሠራ ጥርሰ አጭር ጎማ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ጎማ ዋልካ ላይ በአንድ ዙር ጥርሱ በጭቃ ተደፍኖ እንደ ድስት ክዳን ይለሰልሳል።

ሾፌሩም ቢሆን የሚማረው ቋንቋ ይለወጥለት። ጭቃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወርዶ በእግሩ ይሂድበት፤ ተረከዙ የት ላይ ጠንካራ ነገር እንደሚያገኝ ይይ። ድጥ ከሆነ ይገባል፤ ማጥ ከሆነ ይዞራል። ማርሹን ከዳር ሳለ ይምረጥ፤ መሐል ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ የሚቀይር ሾፌር ፍጥነቱን ለጭቃው አስረከበ ማለት ነው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያቆላልፈው ዲፈረንሻል ሎክ ካለው፣ ጎማው ሳይሽከረከር አስቀድሞ ያስገባው፤ ያለዚያ አንዱ ጎማ በከንቱ ሲዞር ሌላው ዝም ብሎ ያየዋል። ከተቆላለፈ በኋላ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ አይጠምዝዝ። የጎማውን አየር አምራቹ ከፈቀደው ዝቅተኛ ልክ ሳይወርድ ይቀንስ፤ መንገድ ላይ ሲወጣ መልሶ ይሙላው። መንሸራተት ሲጀምር ነዳጁን ይቀንስ እንጂ አይጨምር። ካልሆነም ገና ድጡ ላይ እያለ ይቁምና በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ይመለስ። የኋላው ዱካ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደተሸከመው ያውቃል።

«ዝናብ ሰው አይጠብቅም፤ የዘር ጊዜ ያልፋል፤ ትራክተር የገዛነው ላለመጠበቅ አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ከባድ ነው። በጥማድ በሬ አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ገልብጦ ለመጨረስ ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ባለ በሬ መሬቱ ባይመችም ቀድሞ መጀመር ግድ ይሆንበታል። ትራክተር ያንኑ በሰዓታት ይጨርሳል። እንግዲህ ከሁለቱ ለመጠበቅ አቅም ያለው የትኛው ነው? ፈጣኑ ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ ወጥቶ ላዩ እስኪጠፈጥፍ ቢጠብቅ፣ ያጣውን በአንድ ከሰዓት ይመልሰዋል። ፍጥነት የሰጠን ትልቁ ስጦታ የመታገሥ ነፃነት ሆኖ ሳለ፣ እኛ ለመቸኮል ብቻ ስንጠቀምበት ሀብቱን አባከንነው። በርጥብ ዋልካ ላይ የተነዳ ከባድ ጎማ ደግሞ አፈሩን ጠቅጥቆ ስለሚያልፍ፣ የዛሬው ችኮላ ዋጋ በሚመጣው ዓመትም ይከፈላል።

«እንግዲያው ትልቅ ትራክተር እንግዛ» የሚለውም አያዋጣም። ትልቁ ከባድ ነው፤ ከባዱ ሲሰጥም ጠልቆ ይሰጥማል፤ እርሱን ለማውጣት ከእርሱ የበለጠ ያስፈልጋል። አራቱም ጎማ የሚጎትት መሆኑ በእርግጥ ይረዳል፤ ግን ሾፌሩ ካልተጠነቀቀ ከዳር አርቆ መሐል ሜዳ ላይ እንዲቀረቀር ብቻ ይረዳዋል።

ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው የነፍስ ጉዳይ ነው። የተቀረቀረ ትራክተር ጎትቶ ማውጣት በእርሻ ላይ ካሉት አደገኛ ሥራዎች አንዱ ነው። ገመዱ ወይም ሰንሰለቱ ዝቅ ብሎ ከተሠራው መጎተቻ ሌላ፣ ከኋላው አክስል ከፍ ብሎ ከታሰረ፣ ወይም ጎማው ጨርሶ እንዳይዞር በግንድ ከታገደ፣ ሞተሩ ጎማውን ማዞር ሲያቅተው የራሱን አካል በአክስሉ ላይ ያዞራል፤ ፊቱ ተነሥቶ በሾፌሩ ላይ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። ስዊድን አዲስ ትራክተር ሁሉ ሾፌሩን ከመገልበጥ የሚጠብቅ የብረት ቀስት እንዲኖረው በሕግ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እኛ ዘንድ ቀስቱ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር እየተጋጨ አስቸገረ ተብሎ እንዳይፈታ፣ ልጅም በጭቃ ጠባቂው ላይ እንዳይፈናጠጥ አደራ። የተቀረቀረ ማሽን ሆዱን በአካፋ ገልጦ፣ ከጎማው ሥር ጣውላ አንጥፎ፣ ሰው አርቆ ነው የሚወጣው። አካፋ ፉከራ አያውቅም፤ ስለዚህ ሰው አይገድልም።

ጭቃን የመሻገሩ ሥራ ግን ዋናው ክፍል ትራክተሩ ከመምጣቱ በፊት ያልቃል። ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ውኃው መሄጃ ካገኘ መሬቱ መቆሚያ ያገኛል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ በእጃቸው አፈሩን እየሳቡ ሰፋፊ መደብና ቦይ ሲሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው መደብ ማውጫ መሣሪያ ሲያዘጋጁ መነሻ የሆናቸው አገር በቀሉ ማረሻና ይህን የመሰለው የገበሬው ልማድ ነው። ትራክተሩም በየዓመቱ በአንድ መስመር ብቻ እንዲሄድ ቢደረግ፣ መስመሩ ይጠነክርለታል፤ የቀረው ማሳም ከጎማ ያርፋል።

አሁን ወደ እኛ፣ ቃል ወደምንወድ ሰዎች ልምጣ። አማርኛ ለጭቃ ድሃ አይደለም። ድጥ አለው፤ ማጥ አለው፤ አረንቋ አለው፤ ረግረግ አለው፤ ዋልካ አለው። ጭቃ ሹም ብሎ ሹመት ሰጥቶበታል፤ የጭቃ እሾህ ብሎ የተንኮለኛን ጠባይ ገልጾበታል። ይህን ሁሉ ሀብት የያዘ ቋንቋ፣ ለትራክተር ሾፌር የሚሰጠው መመሪያ ሲዘጋጅ ግን ከባዕድ ቋንቋ በቃል በቃሉ የተገለበጠ፣ «ዝቅተኛ የመሬት መሸከም አቅም ያለው ቦታ» የሚል ድርቅ ያለ ሐረግ ይሆናል። ገበሬው ይህን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ የገባው ግን የለም። «ድጥ ላይ ነዳጅ ቀንስ፤ ማጥ ከሆነ አትግባ» ቢባል ኖሮ አያቱም ይገባው ነበር። መመሪያውን የሚጽፉት መሐንዲሶች ናቸውና ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ ነው ማለት ይቀለናል። እኛ ግን የት ነበርን? ስለ ፈረስና ስለ ጋሻ ስንት ስንኝ ቋጥረናል፤ በየወሩ ስለ ፍቅርና ስለ ክረምት ዝናብ እንገጥማለን፤ ዝናቡ መሬት ከነካ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ግን ብዕራችን ይቆማል። ገበሬው እርፍ ጨብጦ በሬውን በስሙ እየጠራ የሚያንጎራጉረው የእኛን ያህል ግጥም ነው፤ ልዩነቱ የእርሱ ግጥም እግሩ ጭቃ መንካቱ ነው።

በሬው ከሜዳው ቀስ በቀስ ይወጣ ይሆናል፤ ዘመኑ ወደዚያ ያዘነብላል፤ እኔም አልቃወምም። ሲወጣ ግን ያወቀውን ይዞት እንዳይሄድ እሰጋለሁ። ሰኮናው ያወቀውን በቃል አስቀርቶ ለጎማው ማስተማር የማን ሥራ ነው? መሐንዲሱ ጎማውን ይሥራ፤ ባንኩ ገንዘቡን ያበድር፤ ቃሉን ማቅረብ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ከእናንተ መካከል የገጠር ልጅ የሆነ፣ በመንደሩ ለጭቃ ዓይነቶች የሚባሉ፣ በመዝገበ ቃላት ያልገቡ ስሞችን የሚያውቅ ካለ፣ ዛሬውኑ ጽፎ ያስቀምጥ። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሾፌር ማሳው ዳር ቆሞ፣ ልግባ ወይስ ልጠብቅ ሲል፣ ከእነዚያ ቃላት አንዱ ትዝ ይለው ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።